ሰዉ ለምን አብሮ አይዘምርም? ለአምልኮ መዝሙር ስትመርጡ ምን ታያላችሁ?

ጀማሪ_መሪ፦

ሰላም ቅዱሳን። ጽሁፉ ረዘም ይላል ይቅርታ፣ ግን ሳምንቱን ሙሉ ልቤ ላይ ስለቆየ ላውጣው ብዬ ነው። አምልኮ መምራት ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆኖኛል፣ ከዛ በፊት ኪቦርድ ነበር የምጫወተው። መዝሙር የመምረጡ ነገር ለኔ ከተሰጠ ወዲህ ግን ቅዳሜ ማታ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ወጣቶቹ "ሁሌ የድሮ መዝሙር፣ ቤቱ ቀዘቀዘ" ይሉኛል፣ ታላላቆቹ ደግሞ "ይሄ ኮንሰርት እንጂ አምልኮ አይደለም" ይላሉ፣ ሁለቱም ወገን ለጌታ ቤት ተቆርቁሮ እንደሚናገር አውቃለሁ ግን እኔ መሀል ላይ ቆሜ የማደርገው ጠፋኝ።

ያለፈው እሁድ የሆነውን ልንገራችሁ። ሶስተኛው መዝሙር አዲስ ነበር፣ ሁለት ሳምንት ተለማምደነዋል፣ ባንዱም አሪፍ አድርጎ ይዞታል። አይኔን ጨፍኜ ነው የምዘምረው፣ አዝማቹ ላይ ስደርስ ገለጥ ሳደርገው ሰዉ ቆሞ ያየናል። አፉ ዝግ ነው። ሁሌ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡ አንዲት እናት አሉ፣ ስክሪኑን እያዩ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሊገቡ ይሞክራሉ፣ ዜማው ወደላይ ሲወጣ ያጡትና ዝም ይላሉ፣ ደግሞ ይሞክራሉ፣ ሶስቴ እንደዛ ካደረጉ በኋላ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። አንጀቴን በላኝ።

ከዛ መጨረሻ ላይ ሁሉም የሚያውቀው አንድ የቆየ መዝሙር ነበር፣ መሀል ላይ የኪቦርዱ ገመድ ተነቀለና ድምፁ ጠፋ፣ ድራመሩም ደንግጦ ቆመ፣ ሰዉ ግን አላቆመም። ያን ያህል ሰው ቤቱ ውስጥ እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው። እኔ ራሴ ማይኩን አውርጄ መስማት ጀመርኩ።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ እናንተ መዝሙር ስትመርጡ መጀመሪያ የምታዩት ምንድነው? ግጥሙን ነው ዜማውን ነው? ቢት የበዛበት መዝሙር ለአምልኮ ይሆናል አይሆንም? አዲስ መዝሙርስ በምን ያህል ጊዜ ነው የምታስገቡት? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ።


የድሮ_መዘምር፦

ልጄ ሰላም ላንተ ይሁን። ሰላሳ አመት ኳየር ውስጥ ነበርኩ፣ አሁን ጉሮሮዬ እምቢ ብሎ ከሰዉ ጋር ነው የምቀመጠው፣ እና እውነቱን ልንገርህ ከመድረክ ወርጄ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ብዙ ነገር የገባኝ።

ከሁሉ በፊት ግጥሙን እይ። የምታየው ደግሞ እንዲህ ነው፣ ዜማውን ተወውና ግጥሙን ወረቀት ላይ ጽፈህ ብቻህን ቁጭ ብለህ ጮክ እያልክ እንደ ጸሎት አንብበው። ሙዚቃ ብዙ ነገር ይሸፍናል ልጄ። እኛ አንድ ጊዜ ከሁለት አመት በላይ የዘመርነውን አንድ መዝሙር እንደዚህ ብናነበው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጌታ ማን እንደሆነ ምን እንዳደረገልን የሚናገር አንድ መስመር የለበትም፣ ያለው ናፍቆቴ፣ ፍቅሬ፣ ካላንተ አልኖርም ብቻ ነው፣ ለእጮኛም ቢዘመር ምንም አይቀየርም። ዜማው ስለጣመን ሳናውቀው ስንዘምር ኖርን። ተውነው።

አንዳንዱ ሰው "እኔ የሚል ቃል የበዛበት መዝሙር መጥፎ ነው" ይላል፣ እሱ እንኳን ልክ አይመስለኝም፣ እግዚአብሔር እረኛዬ ነው የሚለው መዝሙር 23 ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ "እኔ" ነው። ግን እዛ ውስጥ ስራውን የሚሰራው ማነው? የሚመራኝ እሱ፣ ነፍሴን የሚመልሳት እሱ፣ ማእድ የሚያዘጋጀው እሱ። ስለዚህ ቃል አትቁጠር፣ ማን ነው የሚሰራው ብለህ ጠይቅ።

ይሄን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች (3፥16) ሲጽፍ በመዝሙርና በዝማሬ በመንፈሳዊም ቅኔ እርስ በርሳችሁ ተማማሩ ነው ያለው፣ መዝሙር ትምህርት ነው ማለት ነው። ይሄንን ደግሞ መናፍቃኑም ያውቁት ነበር። አርዮስ ትምህርቱን በዜማ አድርጎ ለመርከበኛው፣ ለእህል ፈጪው፣ ለመንገደኛው ይዘፈን ዘንድ አዘጋጀው ተብሎ ተጽፏል። ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊም በ4ኛው መቶ ዘመን በሶርያ እንደ መናፍቅ የተቆጠረው የባርዴሳን መዝሙራት ሰዉን ሲይዙ አይቶ ራሱ ግጥም ጽፎ ለሴቶች መዘምራን አስተማረ እንጂ ስብከት ብቻ ይበቃል አላለም። ስብከቱን ሰው በሳምንቱ አጋማሽ ይረሳዋል፣ መዝሙሩን ግን ልጁን እያስተኛ ይዘምረዋል። አንተ እሁድ የምትመርጠው ሰዉ ሳምንቱን ሙሉ የሚያመነዥከውን ነው።


ቤዝ_ያዥ፦

ጋሼ ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ ያንተ የእሁዱ ችግር ግን ግጥሙ አይመስለኝም ወንድሜ፣ ኪዩ ነው፣ መዝሙሩ የተያዘበት የድምፅ ከፍታ ማለቴ ነው። እናትየው ዜማው ወደላይ ሲወጣ ያጡታል አልክ አይደል? በቃ መልሱ እዛው ጽሁፍህ ውስጥ አለ።

ዘማሪው አልበሙን የቀዳው ለራሱ ጉሮሮ ነው። እኛ ደግሞ አልበሙን ሰምተን በዛው ኪ እንይዘዋለን፣ ምክንያቱም ባንዱ የሚለማመደው ከቅጂው ጋር ስለሆነ ነው። ያልሰለጠነ ሰው እኮ እንደዛ አይወጣም። እኔ የምጠቀምበት ሕግ ይሄ ነው፣ ሴቶቹ ከመካከለኛው ሲ (ኪቦርዱ መሀል ያለችው ኖታ) ትንሽ ዝቅ ካለው ቢ ጀምሮ እስከ ላይኛው ዲ ድረስ ይችላሉ፣ ወንዶቹም ያንኑ አንድ ኦክታቭ (ያችው ኖታ እስክትደገም) ዝቅ ብለው። ከዲ በላይ አልፎ አልፎ ነክቶ የሚመለስ ከሆነ ይሁን፣ አዝማቹ እዛው ላይ ተሰቅሎ የሚቀር ከሆነ ግን ሰዉ አንድም ይጮሃል አንድም ዝም ይላል፣ አብዛኛው ዝም ነው የሚለው። ስለዚህ መዝሙር ስትመርጥ መጀመሪያ ከፍተኛዋን ኖታ ፈልጋት፣ ብዙ ጊዜ አዝማቹ ወይ ብሪጁ (መሀል የሚገባው ለየት ያለ ክፍል) ላይ ነው ያለችው፣ እሷን ዲ ላይ አምጣትና ኪውን ከዛ አስላ። ከዛ ዝቅተኛዋን ደግሞ ቼክ አድርግ፣ ከታች በጣም ከወረደ ደግሞ ሰዉ ያጉረመርማል እንጂ አይዘምርም። ሁለቱንም ካልቻልክ መዝሙሩ የሶሎ መዝሙር ነው፣ አንድ ዘማሪ ይዘምረው ሰዉ ይስማ፣ ይሄም ቦታ አለው፣ ግን የጉባኤ መዝሙር አይደለም።

ሌላው ሪትሙ ነው። ቃሉ ከቢቱ ቀድሞ የሚገባ ወይ ዘግይቶ የሚገባ መዝሙር ለጆሮ አሪፍ ነው፣ ሶስት መቶ ሰው አንድ ላይ ለማስገባት ግን ከባድ ነው። እና ሁለት መዝሙር መሀል ያለው የሙዚቃ እረፍት ሲረዝም ሰዉ ተመልካች ይሆናል፣ መቼ እንደሚገባ ስለማያውቅ ይፈራል። ስምንት ባር (የቢት ዙር) የሆነውን አራት አድርጉት።

ድምፅ ደግሞ። ሰው የራሱንም የጎረቤቱንም ድምፅ መስማት ካልቻለ መዘመር ያቆማል፣ ይሄን በአይኔ ስንቴ አይቻለሁ፣ ገመዱ ሲነቀል ሰዉ የተሰማህ ያኔ ስለጀመረ ላይሆን ይችላል፣ ከመጀመሪያውም እየዘመረ እናንተ ሸፍናችሁት ይሆናል። ስልክ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫንና ወንበሩ መሀል ሄደህ ለካ፣ እንደ ማሽን ትክክል አይደለም ግን ሀሳብ ይሰጥሃል። ለሰራተኞች ጆሮ ጥበቃ የሚታወቀው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፣ ከዛ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ። ህጻናት ስፒከሩ ስር የሚቀመጡበት ቤት ስንት አለ መሰላችሁ። ይሄ የስታይል ጉዳይ አይደለም የሰው ጆሮ ነው።


አዲስ_ቅኔ፦

ሰላም። እኔ ወጣቶቹ ውስጥ ነኝ፣ እና ሁሌ ተከሳሽ እኛ ስለሆንን አንድ ነገር ልበል። መዝሙር 33 አዲስ ቅኔ ተቀኙለት ነው የሚለው፣ 150 ላይ ከበሮውም ጸናጽሉም ተጠርቷል፣ ያውም ድምፁ መልካም የሆነ ብሎ። "ይሄ ቢት አለማዊ ነው" የሚሉን ሰዎች የትኛው ሪትም ነው ከሰማይ የወረደው? አሁን "የድሮ" እያልን የምናከብራቸው መዝሙሮች በጊዜያቸው አዲስና አስደንጋጭ ነበሩ። የፕሮቴስታንት ተሃድሶን የጀመረው ማርቲን ሉተር እንኳን መዝሙሮቹን ከመጠጥ ቤት ዘፈን ዜማ ነው የወሰደው ይባላል። የኔ ትውልድ ቤተክርስቲያን ገብቶ የሚሰማው ድምፅ የራሱ ቋንቋ ካልሆነ ወጥቶ ይቀራል፣ ጓደኞቼ ወጥተው ቀርተዋል፣ የምናገረው ስለሚያመኝ ነው።


ወረቀት_ወዳጅ፦

አዲስ_ቅኔ፣ ህመምህ ገብቶኛል ወንድሜ፣ ግን የሉተርን ነገር እናስተካክለው ምክንያቱም በየቦታው ይደጋገማል። የመጠጥ ቤት ዘፈን የሚለው ልክ አይደለም። "ባር" የሚባል የዜማ አሰራር አለ፣ የመጀመሪያው ሀረግ ሁለት ጊዜ ተደግሞ ሌላ ሀረግ የሚከተልበት፣ የጀርመን ገጣሚዎች ይጠቀሙበት የነበረ፣ ሉተርም በዛ አሰራር ጽፏል። ሰው ስሙን ሰምቶ መጠጥ ቤት ሳይመስለው አልቀረም። እውነት ሆኖ የሚገኘው አንድ ነገር ግን አለ እሱም ደስ ይላል፣ በ1535 የወጣ አንድ የልደት መዝሙሩን በሕዝብ ዘፈን ዜማ ነበር ያወጣው፣ በ1539 ግን ያንን ዜማ ትቶ በሌላ ዜማ አሳተመው። ማለትም ሞክሮታል፣ ከዛ ደግሞ ቀይሮታል። ሁለታችሁም ወገን ከዛ ውስጥ የምትወስዱት ነገር አላችሁ።

የሚገርመኝ በዛው ዘመን እግዚአብሔርን የሚወዱ ሰዎች እንዴት እንደተለያዩ ነው። ሉተር በ1524 ስምንት መዝሙር ብቻ ያለባት ቀጭን መጽሐፍ ስትወጣ ከስምንቱ አራቱ የሱ ነበሩ፣ ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው እንዲዘምር ነበር ፍላጎቱ። ሌላው የተሃድሶ መሪ ካልቪን ደግሞ መዝሙረ ዳዊትን ብቻ፣ ያለ መሳሪያ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ አለ፣ በ1562 በጄኔቫ 150ዎቹም መዝሙራት ዜማ ይዘው ተጠናቀቁ። ሶስተኛው የተሃድሶ መሪ ዝዊንግሊ በዙሪክ ጭራሽ ሙዚቃን ከአምልኮው አወጣ፣ እሱ ራሱ ግን ብዙ መሳሪያ የሚጫወት ሰው ነበር! እንደ ግሪክና ሩስያ ያሉት የምስራቅ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ በአብዛኛው በሰው ድምፅ ብቻ ነው የሚዘምሩት። ስለዚህ አንዱን መሳሪያ ቅዱስ ሌላውን እርኩስ ለማለት ስንቸኩል ትንሽ እንፍራ።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ለኔ እስከ ዛሬ የተሻለ ነገር የጻፈልኝ የጥንቱ የቤተክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ ነው። "ኑዛዜ" በተባለው ድርሰቱ ውስጥ በ10ኛው መጽሐፍ ይሄንኑ የኛን ጭንቀት ይጨነቃል። መዝሙር ሲሰማ ማልቀሱን ያስታውሳል፣ ወደ እምነት በመጣበት ሰሞን ዝማሬው እንዴት እንደነካው ይናገራል፣ ስለዚህ ዝማሬ ይቅር አይልም። ግን ደግሞ ከሚዘመረው ነገር ይልቅ ዜማው ሲነካኝ በድያለሁ፣ ያኔ ባልሰማው ይሻለኝ ነበር ይላል። ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ ነው የሚኖረው። እኔ እሁድ ከቤተክርስቲያን ስወጣ ራሴን የምጠይቀው ይሄንን ነው፣ የነካኝ ቃሉ ነው ወይስ ኮርዱ? አንዳንዴ መልሱ ኮርዱ ነው።


ከዛ_የወጣሁ፦

እኔ ብዙ አልጽፍም። አዲስ_ቅኔ "የትኛው ሪትም ነው ከሰማይ የወረደው" ላልከው፣ ልክ ነህ፣ የትኛውም አልወረደም። ግን እኔ ለስምንት አመት ለሊት ክለብ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ጌታ ነው ከዛ ያወጣኝ። አንድ እሁድ ባንዱ መግቢያ ላይ ቤዙና ድራሙ ሲጀምሩ፣ ያቺ አገባብ ራሷ፣ ያኔ ክለቡ ሲሞላ የሚከፍቱት ሙዚቃ ላይ እንደነበረችው፣ ሰውነቴ ቀድሞኝ አወቃት። አፌ ውስጥ የመጠጡ ጣእም መጣ። ወጥቼ በር ላይ ቆምኩ መዝሙሩ እስኪያልቅ። ግጥሙ ንጹህ ነበር፣ ልጆቹም ንጹሃን ናቸው፣ ማንም አላጠፋም።

ማንንም ለመክሰስ አይደለም፣ ድራም ይውጣ ለማለትም አይደለም። 1ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ ስለ ደካማው ወንድም የተጻፈውን አንብቡት፣ ለጣዖት ስለተሰዋ ስጋ ነው የተጻፈው ግን እኔ ሳነበው ያቺን እሁድ አያለሁ። መዝሙር የሚመርጥ ሰው ዜማው አዳራሹ ውስጥ ላሉት ሰዎች ምን እንደሚያስታውሳቸው ቢያስብ ነው የምለው። ያንን ለማወቅ ደግሞ ሰዎቹን ማወቅ ያስፈልጋል።


አዲስ_ቅኔ፦

ወንድሜ ይሄንን ስላካፈልከን ጌታ ይባርክህ። እንደዚህ አስቤው አላውቅም ነበር። አሁንም አዲስ መዝሙር ያስፈልጋል እላለሁ ግን መግቢያዎቹን ስናዘጋጅ ይሄን አስባለሁ፣ ቃል እገባለሁ።


እህተ_ኳየር፦

ሁላችሁም ስለ ፍጥነትና ስለ ቢት ነው የምታወሩት፣ አንድ የተረሳ ነገር አለ። የሀዘን መዝሙር።

ወንድሜን ቀብሬ በሁለተኛው ሳምንት ቤተክርስቲያን ሄድኩ። ኳየር ውስጥ ስለሆንኩ ሁሌ መድረክ ላይ ነበርኩ፣ ያን ቀን ግን ከኋላ ተቀመጥኩ። አምስት መዝሙር ተዘመረ፣ አምስቱም ድል ነው፣ ደስታ ነው፣ እጅ አንሱ ነው፣ አጠገብህ ያለውን ፈገግ ብለህ እየው ነው። እኔ ፈገግ ማለት አልቻልኩም። እና በጣም የሚያሳዝነው ጥፋቱ የኔ መሰለኝ፣ እምነቴ የደከመ መሰለኝ፣ ስለዚህ ከሌላ ሰው ጋር እንዳልተያይ አንገቴን ደፍቼ ቆየሁ። ቤት ገብቼ መጽሐፍ ቅዱስ ስከፍት መዝሙር 13 ላይ "አቤቱ፣ እስከ መቼ" የሚል አገኘሁ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይሄንን የሚዘመር ነገር አድርጎ እግዚአብሔር ራሱ ሰጥቶናል እኮ! ከ150ዎቹ መዝሙራት ሲሶ ያህሉ ልቅሶና አቤቱታ ናቸው፣ 88ኛው ጭራሽ በጨለማ ነው የሚያልቀው። የኛ ሊስት ውስጥ ግን ስንት አለ? እኔ የኳየራችንን የአንድ አመት ሊስት አይቼ ሁለት ብቻ ነው ያገኘሁት።

ስለዚህ ጀማሪ_መሪ፣ መዝሙር ስትመርጥ እዛ ወንበር ላይ አንድ ሀዘንተኛ እንዳለ አስብ፣ ሁሌም አለ። በየሳምንቱ ባይሆንም ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እሱ ወይ እሷ አፏን ከፍታ እውነቷን ለእግዚአብሔር የምትናገርበት መዝሙር ይኑር። ሌላው ሰውም ቢሆን ይለምደው፣ ነገ የሱ ቀን ሲመጣ ቃሉን ያገኘዋል።


የድሮ_መዘምር፦

ልጄ እህተ_ኳየር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔ ሰላሳ አመት ስዘምር ይሄን አላሰብኩትም፣ አፈርኩ። መድረክ ላይ ሆነን "ደስ ይበላችሁ" ስንል ከኋላ አንገቷን የደፋችውን አላየንም።


ጀማሪ_መሪ፦

ሁላችሁንም ጌታ ይባርካችሁ፣ ሁለት ሶስቴ አንብቤዋለሁ። ቤዝ_ያዥ ባልከኝ መሰረት አዲሱን መዝሙር አየሁት፣ አዝማቹ ላይ ያለችው ከፍተኛ ኖታ ኤፍ ናት፣ ያውም እዛው ላይ አራት ጊዜ ይመላለሳል። እናትየው ምን ያርጉ።

የቀረኝ ጥያቄ የአዲስ መዝሙር ብዛት ነው። እኛ በየሳምንቱ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት አዲስ እናስገባለን።


ቤዝ_ያዥ፦

በየሳምንቱ? አይ ወንድሜ፣ በጣም ብዙ ነው። እናንተ እኮ አንዱን መዝሙር በልምምድ ሀያ ሰላሳ ጊዜ ትደጋግሙታላችሁ፣ ሰዉ የሚሰማው አንዴ ነው፣ እናንተ ሲሰለቻችሁ እሱ ገና ሊይዘው ሲል ትቀይሩበታላችሁ። የኛ ቡድን በወር አንድ ነው የሚያስገባው። የመጀመሪያው እሁድ አገልግሎቱ ሳይጀምር ሰዉ ሲገባ ዜማውን በኪቦርድ ብቻ እንጫወተዋለን፣ ከዛ አንድ ዘማሪ ብቻውን አንድ ቁጥር ይዘምረዋል፣ ቀጥሎ ሰዉ አዝማቹን ብቻ ይገባል። በተከታታይ ሶስት እሁድ እንይዘዋለን፣ ከዛ አንድ እሁድ እንተወውና አምስተኛው ላይ እንመልሰዋለን። ሲመለስ ሰዉ ከዘመረው ገብቷል ማለት ነው፣ ካልዘመረው ደግሞ ይቀራል፣ የኛ ልብ የቱንም ያህል ቢወደው። ሌሎቹ አራቱ ሰዉ ተኝቶም የሚያውቃቸው ይሁኑ።

አንድ ደግሞ፣ ማይክ የያዘው ዘማሪ ጌጥ አያብዛ። ዜማውን እያጠማዘዘ ሲሄድ ተከታዩ ይጠፋበታል። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መስራች ጆን ዌስሊ በ1761 ለዘማሪዎች ባወጣው መመሪያ ላይ ከሌላው በላይ ለመሰማት አትጩሁ፣ ጊዜ ጠብቁ፣ አትቅደሙ ወደኋላም አትቅሩ የሚል አለበት። ያኔም ችግሩ ነበር ማለት ነው።


ወረቀት_ወዳጅ፦

በቤዝ_ያዥ ላይ ትንሽ ልጨምር። ከሰባኪው ጋር ተነጋገር፣ ቢዘገይ እስከ ረቡዕ የሚሰብክበትን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ይንገርህ። ስለ ይቅርታ የሚሰብክ ከሆነና ከስብከቱ በኋላ የምትዘምሩት የድል መዝሙር ከሆነ ሰዉ የሰማውን የሚመልስበት ቦታ ያጣል። ስላይዱን ደግሞ ሌላ ሰው ያንብበው፣ አንድ ፊደል ተሳስታ ትርጉሙ የተገለበጠ ግጥም ሲዘመር ሰምቻለሁ። የመዝሙሩን ባለቤት ስም ጻፉ፣ በኢንተርኔት የምታስተላልፉ ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ። ስለ እውነት እየዘመርን የሰው ስራ ያለ ፈቃዱ መውሰድ አይሆንም።


ጀማሪ_መሪ፦

ሰላም ቅዱሳን፣ ትናንት እሁድ የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ።

አምስት መዝሙር ነበር፣ አራቱ የታወቁ፣ አንዱ ያ አዲሱ። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ከባንዱ ጋር ቁጭ ብለን እዚህ የጻፋችሁትን አነበብኩላቸው። ድራመራችን መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፣ እኔን ነው የምትሉት ብሎ፣ ከዛ የዛን ከክለብ የወጣውን ወንድም ጽሁፍ ራሱ እንደገና አነበበውና ብዙ ቆይቶ "መግቢያውን እኔ እቀይረዋለሁ" አለ። ማንም አላዘዘውም። በአዝማቹ መጨረሻ ዙር ላይ ሁላችንም መሳሪያ እንድናቆም የወሰነውም እሱ ነው።

አራተኛው ላይ ቀስ ያለ አንድ የልቅሶ መዝሙር አስገባን፣ ከመዝሙር 42 የተወሰደ ነው። ሲጀመር ቤቱ ጸጥ አለ፣ እኔ ሰዉ ያልወደደው መሰለኝ፣ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ግን ከኋላ ጥግ የወንዶች ድምፅ መጣ፣ ዝቅ ያለ፣ ከዛ እየጨመረ ሄደ። አንድ ሁሌ ሲዘመር ስልኩን የሚያይ ሰው እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አየሁት።

አዲሱ ላይ መሳሪያው ቆመ። እናትየውን አየኋቸው። የመጀመሪያውን ዙር አላወቁትም፣ ሁለተኛው ላይ ገቡ፣ ወደላይ የሚወጣበት ቦታ ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን ቀና አድርገው አብረው ወጡ፣ አልጠፋባቸውም። ከአገልግሎቱ በኋላ በር ላይ ጠበቁኝና እጄን ይዘው "ያቺን አዲሷን ግጥም በትልልቅ ፊደል ጻፍልኝ፣ ስክሪኑ ቶሎ ቶሎ ይቀየርብኛል" አሉኝ። ዛሬ ማታ እጽፍላቸዋለሁ።


ቤዝ_ያዥ፦

ጌታ ይመስገን!! የአዲሱን ኪ በስንት አወረድከው?


ጀማሪ_መሪ፦

ከቢ ፍላት ወደ ጂ። ሶስት ሃፍ ቶን (ግማሽ ድምፅ) ብቻ።